የመስከረም አደራ
በካቶሊክ ትምህርት ቤት ስለ ከፍተኛ ተማሪዎች የትምህርት መጀመሪያ የተጻፈ ታሪክ



ለቁምስና ኢዮቤልዩ መታሰቢያ የሚታተም መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ሕንፃው፥ ስለ ደወሉና ስለ ንዋየ ቅድሳቱ ነው። ይህም የተገባ ነገር ነው፤ አባቶች በላባቸው ያቆሙትን ልጆች ሊረሱት አይገባምና። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በቆመችበት ስፍራ በአጠገቧ የትምህርት ጉባኤ መኖሩ የቈየ ልማዳችን ስለ ሆነ፥ የቤተ ክርስቲያኑ ዕድሜ ሲቈጠር የትምህርት ቤቱም ዕድሜ አብሮ ሊቈጠር ይገባዋል። የትምህርት ቤት ዕድሜ ደግሞ በግንቡ አይለካም፤ ትምህርቱን ከአንዱ መስከረም ወደ ሌላው መስከረም ተሸክሞ በሚያሻግረው ሰው ይለካል እንጂ። ይህም ሰው መምህሩ ብቻ አይደለም፤ ትልቁ ተማሪ ነው።

ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ፥ ትልልቆቹ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በአዲስ ዓመት ሲጀምሩ በቀድሞ ዘመን ምን ይሰጣቸው እንደ ነበረ፥ እነርሱም የተሰጣቸውን እንዴት እንደ ጠበቁት ከታሪክ እያነሣን እንመለከታለን። ዓመቶቹን፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጠናቸዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ በገዛ አገራችን የነበረውን ሥርዓት ማስታወስ ይገባል። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል መንገድ ይከፈታል። ያን ጊዜ ደበሎውን የለበሰ፥ አኮፋዳውን ያነገተ ተማሪ ወላጆቹን ተሰናብቶ መምህር ፍለጋ ወደ ጎንጅ፥ ወደ ዋሸራ፥ ወደ ዋድላ ይሄዳል። አዲስ ገቢው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያም ዘአምላኪየን፥ ሚበዝኁን፥ ዋዜማን፥ ሥላሴን እያለ በደረጃ ወጥቶ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። የቅኔውን መንገድ ሁሉ የፈጸመውም ሙሉ ቤት ይባላል።

መምህሩ አንድ ተማሪው ብዙ ስለ ሆነ ግን፥ አንድ ሰው የሁሉን ቅኔ ሰምቶ የሁሉን ስሕተት ሊያርም አይችልም። ስለዚህ የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ይይዛል። የታናሹን ቅኔ ይሰማል፥ የተሰበረውን ቤት ያቃናል፥ የግሱን እርባታ ያስጠናል፤ ራሱም በተራው ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የራሱን ይቀኛል። እንዲህ ያለው ሰው በአንድ ቀን ተማሪም መምህርም ነው። አስነጋሪነቱም ከትምህርቱ የተሰረቀ ጊዜ አይደለም፤ የትምህርቱ ዋና ክፍል ነው። ለራሱ የገባው የመሰለው ምሥጢር ለሌላው ሊያስረዳው በተነሣ ጊዜ ካልገባው ይጋለጥበታልና።

ይህ ሥርዓት የእኛ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የሮማ ቤተ ክርስቲያን መምህራንም በሌላ መንገድ ሄደው ከዚሁ ስፍራ ደርሰዋል። የኢየሱሳውያን ማኅበር ለትምህርት ቤቶቹ ሁሉ በ1599 ባወጣው የትምህርት ሥርዓት ውስጥ፥ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ከታወቁት መምህራን አንዱ የመክፈቻ ንግግር እንዲያደርግ ታዝዟል። ከዚህም ጋር መምህሩ ከተማሪዎቹ መካከል ዐሥር አለቆችን እንዲሾም ተደንግጓል። የዐሥር አለቃውም ሥራ የባልንጀሮቹን የቃል ጥናት መስማት፥ ጽሑፋቸውን መሰብሰብ፥ የሳተውን ሰው ስሕተት መዝግቦ ለመምህሩ ማሳየት ነው። በስሙ ይለያል እንጂ በሥራው ከአስነጋሪያችን እጅግ ይቀራረባል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ በፈረንሳይ አገር በሬምስ ከተማ ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላሳል ከ1680 ገደማ ጀምሮ ለድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ሲያቆሙ፥ ለተማሪዎቹ ልዩ ልዩ ሹመት ሰጡ። አንዱ ጸሎት ያስጀምራል፥ አንዱ ደወል ይደውላል፥ አንዱ የትምህርት ቤቱን ቁልፍ ይጠብቃል፥ አንዱ ወረቀት ያድላል፥ ይሰበስባልም። የድኻ ልጅ ቁልፍ ታምኖ ሲሰጠው ምን ያህል ክብር እንደሚሰማው ያልታመነ ሰው አያውቀውም።

ሁለቱ ሥርዓቶች፥ ማለት የአገራችን የቅኔ ቤትና የአውሮፓ የክህነት ትምህርት ቤት፥ በአገራችን ምድር በሰላም ለመገናኘት ግን ብዙ ዘመን ወሰደባቸው። በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ኢየሱሳውያን በቤተ መንግሥት ኀይል ተደግፈው የሕዝቡን ሥርዓት ለመለወጥ ስለ ተጣደፉ፥ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዐፄ ፋሲለደስ ከነገሡ በኋላም እነርሱ ከአገር ወጡ። ይህን ታሪክ መሸሸግ አይገባም፤ የሚቀጥለው ነገር የሚገባን ይህን ስናስታውስ ነውና።

በ1839 ወደ ዐድዋ የመጡት የላዛሪስት ማኅበር ካህን ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፥ በአገራችን ሰው አፍ አቡነ ያዕቆብ፥ የያዙት መንገድ ሌላ ነበር። ቋንቋውን ተማሩ፥ የአገሩን ሰው ልብስና ኑሮ ወደዱ፥ የግእዝንም ሥርዓት አክብረው ጠበቁ። በ1844 ገደማም በአጋሜ አገር በአዲግራት አጠገብ ባለችው በጓላ የትምህርት ቤት መሠረት ጣሉ። በዚያ የተሰበሰቡት ሁሉ ሕፃናት አልነበሩም። አስቀድመው በአገር ትምህርት የበሰሉ፥ ዳዊት የደገሙ፥ መጻሕፍት የመረመሩ ሰዎችም ነበሩባቸው።

ከእነዚህም ሁሉ የሚበልጡት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በ1791 በጎጃም በመርጡለ ማርያም አውራጃ የተወለዱ፥ አንድ ዐይናቸውን በልጅነታቸው ያጡ፥ ነገር ግን በቀረችው በአንዲቱ ዐይን ብዙ መጻሕፍት የመረመሩ መነኵሴ ነበሩ። ስለ ሃይማኖት የተነሣውን ክርክር እውነቱን ለማግኘት ሲሉ ከደብር ወደ ደብር ዞሩ፤ በ1841ም ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብጽ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር ወጥተው ከአቡነ ያዕቆብ ጋር እስከ ሮማ ደረሱ። በ1844 የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። በአገሩ ሊቅ ተብሎ የተከበረ፥ ሽበት የበቀለበት ሰው ከ50 ዓመቱ በኋላ እንደ ገና ተማሪ ሆነ። ተማሪም ብቻ ሆኖ አልተቀመጠም። ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ሆነው የትምህርተ ክርስቶስን መጽሐፍ አዘጋጁ፥ ለተማሪዎቹ የሚያገለግል የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለማሰናዳት ደከሙ፥ ታናናሾቹንም አስተማሩ። አቡነ ያዕቆብ ለአባ ገብረ ሚካኤል የሮማን ትምህርት ሲሰጡ፥ አባ ገብረ ሚካኤል ለአቡነ ያዕቆብ የአገሩን ጥበብ ይሰጡ ነበር። መምህር ከተማሪው የሚማርበት፥ ተማሪም ለመምህሩ የሚያስተምርበት ቤት እንደዚህ ያለው ነው። አስነጋሪና ዐሥር አለቃ በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ።

ይሁን እንጂ ጓላ ብዙ መስከረም አላየችም። በ1846 አቡነ ማስያስ ከአውሮፓ መጥተው ከተማሪዎቹ ለበሰሉት ክህነት ሰጡ። ነገር ግን በሃይማኖት ምክንያት የተነሣው ጠብ በረታና ማኅበሩ ጓላን ለቆ ለመሰደድ ግድ ሆነበት። አንዳንዱ ወደ ኢሮብ ምድር ወደ ዓሊቴና፥ አንዳንዱ ወደ ሐላይና ወደ ምጽዋ ወገን ተበተነ።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ ቤቱ ከተለቀቀ፥ መምህሩም ከተሰደደ ትምህርት ቤቱ ወዴት ሄደ? መልሱ ቀላል ነው። ትልልቆቹ ተማሪዎች ከሄዱበት ሄደ። አንዱ ቄስ ሆኖ በአንድ መንደር ሲቀመጥ ጥቂት ልጆች ሰበሰበ፤ ሌላው በሌላ መንደር እንዲሁ አደረገ። አንድ ቤት የነበረው ብዙ ቤት ሆነ። ጓላ ለትልልቆቹ ተማሪዎች የራሳቸውን ትምህርት ብቻ አስጨብጣ ቢሆን ኖሮ፥ ነገሩ ሁሉ በዚያ ስደት ባበቃ ነበር።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1851 ቅስና ተቀበሉ። በ1854 በጎንደር ከአቡነ ያዕቆብና ከሌሎች ጋር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ፥ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በሰንሰለት ቀሩ። ሞት ተፈርዶባቸው ሳለ በእንግሊዙ ቆንስል በፕላውደን አማላጅነት ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠላቸው ይባላል። ከዚያም እግራቸው በሰንሰለት እንደ ታሰረ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ሲጓዙ በ1855 በመንገድ ደክመው ዐረፉ። ሮማም በ1926 ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው። አቡነ ያዕቆብ ደግሞ በ1860 በሐምሌ 31 ቀን ከቆላው ወደ ደጋው ሲጓዙ በዓሊጋዴ ሸለቆ ደቀ መዛሙርታቸው በዙሪያቸው ሳሉ ዐረፉ፤ በሄቦም ተቀበሩ። በ1975 ቅድስናቸው ታወጀ።

አቡነ ያዕቆብ ሲሞቱ ግንብ አልተዉም። የተዉት ሰው ነበር። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ፥ የዐድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት፥ ያየውንና የሰማውን ሁሉ በቃሉ ይዞ የመምህሩን ታሪክ ጻፈ። እኛ ዛሬ ስለዚያ ዘመን ከምናውቀው ብዙው በአንድ ታማኝ ተማሪ ብዕር የተጠበቀ ነው። ተማሪ ለመምህሩ የሚከፍለው ዋጋ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?

ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ብንሻገርም ነገሩ ይኸው ነው። በሐረርጌ የካፑቺን ማኅበር አባቶች፥ ከእነርሱም በኋላ ጳጳስ የሆኑት አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ፥ ልጆችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በዚያ ሚሲዮን ካደጉት አንዱ አባ ሳሙኤል ወልደ ካሂን ነበሩ። ራስ መኰንን ልጃቸውን ተፈሪን የሚያስተምር ሰው በፈለጉ ጊዜ አባ ሳሙኤል ከመምህራኑ አንዱ ሆኑ። እንግዲህ ከሚሲዮኑ የተማሩትን ወስደው ኋላ ንጉሠ ነገሥት ለሚሆነው ልጅ አስረከቡ። በ1915 ደጃዝማች ተፈሪ በሐሮማያ ሐይቅ ላይ ተሳፍረውበት የነበረው ጀልባ በሰጠመ ጊዜ ደጃዝማቹ ዳኑ፤ አባ ሳሙኤል ግን ከሰጠሙት ጋር ሞቱ። ዐፄ ኀይለ ሥላሴም የመምህራቸውን ስም እስከ ሽምግልናቸው ድረስ በክብር ያነሡ ነበር።

ከጠላት ወረራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርትን እንደ ገና ሊያቋቁሙ በተነሡ ጊዜ፥ በ1945 የካናዳ ኢየሱሳውያን የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት እንዲመሩ ጠሩ። ይህ ትምህርት ቤት የመንግሥት እንጂ የሚሲዮን ስላልነበረ፥ አባቶች ሃይማኖታቸውን ሊሰብኩበት ሳይሆን ሊያስተምሩበት ገቡ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈትም ከእነዚሁ አንዱ ሉሲየን ማት መሪ ሆኑለት። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተሰደደው ማኅበር በዚህ ጊዜ በትሕትና በመግባቱ ምስጋና አገኘ። በ1959ም የላሳል ወንድሞች በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ስለዚህ የሬምሱ ቅዱስ በድኾች ልጆች እጅ ቁልፍ ያስቀመጡበት ሥርዓት ወደ እኛም አገር መጣ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ታሪክ ያነሣነው ያለፈውን ለማመስገን ብቻ አይደለም። የዛሬው መስከረም ስለሚያሳስበን ነው። ዛሬ ዐሥራ አንደኛና ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚገባ ተማሪ ትምህርቱን ሲጀምር በልቡ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የመልቀቂያው ፈተና ነው። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አቆጣጠር የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናቸውን በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በወሰዱ ጊዜ፥ ከ896 ሺህ ከሚበልጡት ተፈታኞች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም፤ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ጠባብ በር ከፊቱ የቆመበት ልጅ ዙሪያውን ለማየት ጊዜ የለኝም ቢል ማን ይፈርድበታል?

ወላጆችም እንዲህ ይላሉ፤ «ልጄ የራሱን ትምህርት ሳይጨርስ የሌላውን ልጅ ትምህርት ለምን ይሸከማል? ፈተናው የሚመጣው በእርሱ ስም ነው እንጂ በታናሹ ስም አይደለም።» ይህ ንግግር የፍቅር ንግግር ስለ ሆነ በቍጣ ሊመለስ አይገባም። መልሱ በሁለት ወገን ነው።

ፊተኛው፥ ለታናሽ ማስተማር ለፈተናም ቢሆን ከሁሉ የተሻለ ጥናት ነው። የቅኔ ቤት አባቶች ይህን ያወቁት በመጽሐፍ አይደለም፤ በየቀኑ በጉባኤው ሲያዩት ነው። ብቻውን የሚያጠና ሰው ያነበበውን ሁሉ ያወቀው ይመስለዋል። ታናሹ ግን «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ ዕውቀቱ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ ያን ጊዜ ያየዋል። የዐሥራ ሁለተኛው ክፍል ተማሪ የዘጠነኛውን ክፍል ሒሳብ ሲያስረዳ፥ ሕንፃው የቆመበትን መሠረት እንደ ገና ይመረምራል። በፈተናም ጊዜ ብዙ ሰው የሚወድቀው ከጣራው አይደለም፤ ከመሠረቱ ነው።

ሁለተኛው ግን ከዚህ ይከብዳል። ፈተናውን ያለፈ ልጅ ወደ ሩቅ ከተማ ይሄዳል፤ ያላለፈውም ሥራ ፍለጋ ይበተናል። ሁለቱም ትምህርት ቤቱን ይለቃሉ። ሲሄዱ ለታናናሾቻቸው ያስረከቡት ነገር ከሌለ፥ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ከባዶ ይጀምራል። በጓላ የደረሰው መከራ በእኛ ላይ ቢደርስ፥ ቤቱ ቢዘጋ መምህሩም ቢሄድ፥ ትምህርቱን በልቡ ተሸክሞ በሌላ መንደር የሚከፍት ተማሪ አለን ወይ? የኢዮቤልዩ ጥያቄ ይህ ነው። ስደት ያልደረሰበት ትምህርት ቤትም ቢሆን፥ ትልቁ ለታናሹ ካላስረከበ ግንቡ እንደ ቆመ ባዶ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በመስከረም ትምህርት በሚከፈትበት ቀን ጸሎቱ ከደረሰ፥ ንግግሩም ካበቃ በኋላ፥ ለእያንዳንዱ ከፍተኛ ተማሪ ሦስት ወይም አራት ታናናሽ ልጆች በስማቸው ተጠርተው በአደራ ይሰጡት። በሳምንት አንድ ሰዓት ጥናታቸውን ይስማ፤ የቀሩ እንደ ሆነ ለምን እንደ ቀሩ ይጠይቅ፤ የታመመ ቢኖር ይጐብኝ። በሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት መጀመሪያም አደራውን እንዴት እንደ ጠበቀው ለመምህሩ ይናገር። ማዕርግና ሽልማት ሲሰጥ የራሱ ነጥብ ብቻ ሳይሆን የታናናሾቹ መሻሻል አብሮ ይታይለት። ካህናትም በዚያ ቀን መጥተው ባርከው ይላኩት፤ ይህ ሹመት እንጂ ቅጣት እንዳልሆነ ይወቅ ዘንድ።

አደራው ግን በልክ ይሁን። ትልቁ ተማሪ የመምህሩ ምትክ እንዲሆን፥ መምህሩም በዚያ ሰበብ እንዲያርፍ አይደለም። በቅኔ ቤት መምህሩ አስነጋሪውን ሾሞ አይተኛም፤ አስነጋሪው የሰማውን እርሱ ደግሞ ይሰማል። ታናሹም የታላቁ አገልጋይ አይደለም፤ ውሃ አምጣልኝ፥ ልብሴን እጠብልኝ ሊባል አይገባውም። በታናሹ ላይ የሚኰራ ታላቅ አደራውን አልጠበቀም፥ በላው እንጂ።

እናንተም ዘንድሮ ከፍተኛውን ክፍል የምትጀምሩ ልጆቻችን ሆይ፥ ጥቂት ስሙን። በዚህ መስከረም የምትገቡበት ክፍል የመጨረሻችሁ ነው እያላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኛ ግን የመጀመሪያችሁ ነው እንላችኋለን፤ እስከ ዛሬ የተቀበላችሁትን መስጠት የምትጀምሩበት ነውና። አባ ገብረ ሚካኤል ከ50 ዓመታቸው በኋላ ተማሪ ለመሆን አላፈሩም፤ እናንተም በ17 ዓመታችሁ መምህር ለመሆን አትፍሩ። አባ ሳሙኤል ያስተማሩት ልጅ ምን እንደሚሆን በዚያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር፤ እናንተም የምታስነግሩት ታናሽ ነገ ምን እንደሚሆን አታውቁምና በትጋት አስነግሩት።

ኤልያስ መጐናጸፊያውን በኤልሳዕ ላይ የጣለው በእርሻ ላይ ሳለ ነበር። ለእናንተም መጐናጸፊያው የሚጣልላችሁ በዚሁ በትምህርት ቤቱ ግቢ፥ ደብተራችሁን እንደ ያዛችሁ ነው። አንሥታችሁ ልበሱት፤ ጊዜውም ሲደርስ ለሚከተላችሁ ጣሉለት።

ይህን ኢዮቤልዩ ለማየት ያበቃን ልዑል እግዚአብሔር፥ ቤተ ክርስቲያናችንን ከነትምህርት ቤቷ ይጠብቅልን፤ ለመምህራን ትዕግሥትን፥ ለታላላቆች ትሕትናን፥ ለታናናሾች ማስተዋልን ይስጥልን። የሚመጡትም ልጆች ሌላውን ኢዮቤልዩ ሲያከብሩ፥ አደራውን ተቀብለን ያስረከብን ሆነን እንገኝ ዘንድ ይርዳን። አሜን።